«ፀደይ» ስትሉ የትኛውን ወር ማለታችሁ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

«የፀደይ ሥራዎች» በሚል ርእስ በጓሮ አትክልት ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያነበብኩት ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ እስከ ጉልበቴ የደረሰው ሙጃ መሀል ቆሜ ነበር። በምክሩ ቅሬታ የለኝም፤ ቅሬታዬ በአንዲት ቃል ላይ ነው። ጽሑፉ ካሮትና ቀይ ሥር «በፀደይ መጀመሪያ» እንዲዘራ ይመክራል እንጂ ያ መጀመሪያ በየትኛው ወር እንደሚውል አይናገርም። ነገሩ ለአንዳንዱ አንባቢ የቃላት ክርክር ይመስለው ይሆናል፤ እኔን ግን ዓምና የአንድ ወቅት ልፋት አክስሮኛል።

በትምህርት ቤት የተማርነው ፀደይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው፣ አደይ የሚፈካበት ጊዜ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ አቆጣጠር ደግሞ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን መፀው ይለውና ፀደይን ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያደርገዋል። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎቻችን ዓመቱን በጋ፣ በልግና ክረምት ብለው ለሦስት ስለሚከፍሉት ፀደይ ከነአካቴው አይነሣም። ከውጭ የሚገባው የዘር ፓኬት ሲታከልበት ነገሩ ይብስበታል፤ እዚያ ላይ የተጻፈው ፀደይ የአውሮፓ ሲሆን በእኛ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ላይ ያርፋል። ዓምና ከአንድ ሱቅ የገዛሁት የካሮት ዘር ላይ «በፀደይ ይዘራ» የሚል የአማርኛ ወረቀት ተለጥፎበት ነበርና፣ የትምህርት ቤቱን ፀደይ አምኜ እንቁጣጣሽ ባለፈ በማግስቱ ዘራሁት። ዝናቡ ገና አልወጣም ነበር። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ታፍኖ ቀረ፤ ከሁለት መደብ የበቀለው በጣት የሚቆጠር ነው።

የምኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር፣ ከአያት አለፍ ብሎ ሲሆን፣ ቤቱ ከተሠራ በኋላ ለጓሮ የተረፈኝ 60 ካሬ ሜትር ያህል ነው። አፈሩ መረሬ ነው። ሲረጥብ እንደ ሊጥ እግር ይዞ አይለቅም፤ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ዶማ የሚቀበልበት ጊዜ በእኔ ጓሮ ከሁለት ሳምንት ብዙም አይበልጥም፤ ለዚያውም ቢሮ የሚውል ሰው የሚያገኘው ቅዳሜና እሑድን ብቻ ነው። በዚያ ቅዳሜ ሙጃውን አጭጄ ለብስባሹ ጉድጓድ ከከመርኩ በኋላ ዶማ ሳነሣ፣ እትዬ የምላቸው፣ ከሰሜን ሸዋዋ እነዋሪ የመጡት ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል «ቆዪ ልጄ፣ አትቸኩዪ» አሉኝና ገብተው ጭብጥ አፈር አነሡ። በመዳፋቸው ጨምቀው በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት አልፈረሰም፤ የጣታቸውን ቅርጽ ይዞ ቀረ። «ይሄ ገና ነው። ስትነኪው ፍርስ ሲልልሽ ቆፍሪ» አሉኝ። በየማታው ከሥራ ስመለስ እየጨመቅኩ ቆይቼ ሐሙስ ዕለት ፍርስ አለ።

በእነዋሪ አካባቢ መረሬን በእጅ እያነሡ ከፍ ያለ መደብ ማውጣትና ውሃውን በቦይ ማጠንፈፍ የቆየ ልማድ ነው፤ ሥራውንም በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶቹ ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች የበሬውን ማረሻ አሻሽለው መደብ ማውጫ ሲሠሩ ያንኑ ሥራ ለማቅለል ነበር። እኔም 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው አራት መደቦች አውጥቼ በየመካከላቸው 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ተውኩ። በዓምዳችሁ ስለ ማጠንፈፍ አንድም ቃል አለመኖሩ ከፀደዩ ባልተናነሰ አስገርሞኛል፤ በመረሬ ላይ አትክልትን ብዙ ጊዜ የሚገድለው የዝናብ እጥረት ሳይሆን ከሥሩ የሚተኛው ውሃ ነውና።

ከዘገየሁበት ሥራ ግማሹን ጨርሻለሁ ብዬ እገምታለሁ። የነጭ ሽንኩርቱን ፍንካች ጫፉን ወደ ላይ አድርጌ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተክያለሁ፤ የኅዳር ውርጭ ብዙም አያስፈራውም። ካሮቱና ቆስጣው ተዘርቷል። ቲማቲም ለውርጭ መዳረግ ስላልፈለግሁ ትቼዋለሁ። ድንቹም አልተተከለም፤ በክረምት ቅጠሉን የሚያጠቁረው በሽታ ስለሚበረታ በብዙ ቦታ ገበሬው ራሱ ወደ በልግና ወደ መስኖ አዙሮታል፣ እኔም የካቲትን እጠብቃለሁ። በጣም ያፈርኩበት አሸንዳው ነው። ጣሪያዬ 80 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በአንድ ካሬ ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው ብለን ብናሰላ፣ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ባለ 2,000 ሊትሩን ሮቶ በሞላው ነበር። የተላቀቀውን አሸንዳ «ነገ አስጠግናለሁ» እያልኩ ሐምሌና ነሐሴ አልፈው፣ ያስጠገንኩት ሰማዩ ከጠራ በኋላ ነው። አሁን ካሮቱን የማጠጣው በሳምንት ሁለት ቀን በፈረቃ ከሚመጣው የቧንቧ ውሃ ቀንሼ ነው።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፣ የእርሻና የጓሮ ምክር በምታወጡበት ጊዜ ሁሉ ወቅቱን በወሩ ስም እንድትጽፉልን፣ ምክሩም ለየትኛው ከፍታና ለምን ዓይነት አፈር እንደሆነ በአንድ መስመር እንድትጠቁሙን ነው። ጋዜጣችሁ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዳማም፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃንም ይነበባል፤ የሁለቱ ከተሞች ጓሮ ደግሞ በአንድ ሳምንት አይዘራም። የበልጉን ምክር የምታወጡ ከሆነም ቢዘገይ በጥር አጋማሽ ብታደርሱልን ደስ ይለኛል፤ ለዘር ያስቀመጥኩት ድንች በረንዳው መደርደሪያ ላይ ዐይኑ ከወዲሁ ማቆጥቆጥ ጀምሯል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአንባቢዎቻችሁ አንዷ
አዲስ አበባ