ቅስቶቹ ራቁታቸውን ቆመዋል፦ ለጋራ የችግኝ ቤታችን የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የጋራ አትክልት ቦታችን አባላትና ወዳጆች፣

ስለ ላስቲክ ቤታችን፣ ማለትም በቅስቶች ላይ ላስቲክ ወጥረን ስለሠራነው የችግኝ ቤት፣ ስንጽፍላችሁ ይህ ሦስተኛ ጊዜያችን ነው። እንደሚያሰለች እናውቃለን። እኛም ደክሞናል። ግን አሁን ዝም ካልን ዘንድሮ ችግኝ የሚባል ነገር አይኖረንም።

የሆነውን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ሌሊት የተነሣው ነፋስ መጀመሪያ በሩን ገነጠለ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ ላስቲኩን እንደ ፊኛ ነፋው። ጠዋት ስንደርስ ግማሹ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ከአሥራ ሁለቱ ቅስቶች ሁለቱ ተጣመዋል፤ አሥሩ ደህና ናቸው። የቃሪያ ትሪዎቹ ተገልብጠዋል። ከኮሚቴው አባላት አንዷ ቀድማን ደርሳ ጭቃው ላይ ተንበርክካለች። ችግኞቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየለቀመች ሥራቸውን በእርጥብ ጋዜጣ ትጠቀልላለች። ማንም አላዘዛትም። የተረፉት ጥቂቶቹ አሁን በየቤታችን መስኮት ሥር ናቸው። ብርሃን ስላነሳቸው ወደ መስታወቱ እየተሳቡ ቀጥነዋል።

እውነቱን እንናገር። ለአትክልት ቤት የሚሠራ ላስቲክ የፀሐይ ጨረር መከላከያ ይጨመርበታል፤ ያም ሆኖ ዕድሜው አራት ዓመት ያህል ነው። የኛ አምስተኛውን ይዞ ነበር። አርጅቷል ብለን ባለፈው ጥሪያችን ጽፈናል። ያኔ የተሰበሰበው የሚያስፈልገውን ግማሽ እንኳ አልሞላም፤ እኛም በፕላስተር እየለጠፍን ቀጠልን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ያኔ ነበር። የበሩን መቀርቀሪያ ቀድሞ ማጠንከር ደግሞ የኮሚቴው ሥራ ነበር፤ አላደረግነውም፤ ለዚህ ይቅርታ እንጠይቃለን። ያ ግማሽ ሳይሞላ የቀረው ገንዘብ አልተነካም። ሒሳቡ ውስጥ አለ።

«ከዚያ በፊት የተዋጣውስ የት ገባ?» ብላችሁ የጠየቃችሁ አላችሁ። መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። ትልቁ ወጪ ብረቱ ነው። መጀመሪያ የሠራነው በፒቪሲ፣ ማለትም በፕላስቲክ ቱቦ ነበር፤ ርካሽ ነው፣ በእጅም ይጎብጣል። ግን ፒቪሲ ላስቲኩን በነካው ቦታ ሁሉ ቶሎ ያበላሸዋል፤ ፀሐይ ሲበዛበት ራሱም ይሰባበራል። ላስቲካችን በየቅስቱ መስመር እየተተረተረ ያስቸገረን በዚህ ምክንያት ነበር። ስለዚህ ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም እንዳይዝግ በዚንክ የተለበጠ የብረት ቱቦ ገዛን። ያ ነፋስ ፒቪሲውን ቢያገኘው ኖሮ ዛሬ የምንለምናችሁ ለቤቱ በሙሉ ነበር።

የጠብታ መስኖውም ቅንጦት አልነበረም። ጣሪያ ያለው መሬት ዝናብ አያገኝም፤ እኛ ካላጠጣነው የሚያጠጣው የለም። ከላይ ሲረጭ ደግሞ ቅጠሉ ርሶ ያድራል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ርሶ ያደረ ቅጠል ሻጋታ ይጠራል።

«ለምን አንደኛችሁን በመስታወት አልሠራችሁትም?» ላላችሁን፣ የላስቲክ ቤት ራሱ የተጀመረው በአቅም ማጣት ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ኤመሪ ማየርስ ኤመርት መስታወት ውድ ሲሆንባቸው የእንጨት አውታር ሠርተው ሴሎፎን በሚባል ስስ ብርሃን አሳላፊ መጠቅለያ ሸፈኑት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ስንትና ስንት ገበሬ የሚያመርተው በላስቲክ ሥር ነው። መናኛ ሥራ አይደለም።

ማሞቂያም ያላስገባነው አስበንበት ነው። ማሞቂያ በየጊዜው ይበላል። ፀሐይ በወጣች ቀን ቤታችን ያለ እሳት ይሞቃል፤ እንዲያውም ጎኑ ካልተከፈተ ከ35 ዲግሪ ያልፍና የቲማቲም አበባ ያረግፋል። ተረኞቻችን ጠዋት ጎኑን ጠቅልለው የሚያነሡት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚያወርዱት ለዚህ ነው። ሌሊት ላይ ግን አንድ ነጠላ ላስቲክ የሚያስጥለው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ ባልነፈሰበት ሌሊትማ ውስጡና ውጩ እኩል ሊቀዘቅዝ ይችላል። ስለዚህ በመደቡ ላይ ስስ ጨርቅ እንዘረጋለን። «በርሜሉ ምን ያደርጋል?» ላላችሁም መልሱ እዚሁ ላይ ነው። ጥቁሮቹ የውሃ በርሜሎች ቀን የያዙትን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያሉ ይመልሳሉ።

በዚህ ቤት የሠራነውን ስናስብ ዛሬም ደስ ይለናል። ውጭው መሬት በውርጭ ነጭ ሆኖ ሳለ እኛ ሰላጣና ቆስጣ ቆርጠናል። ካሮት ነቅለናል። ችግኝ ማፍላቱንም የተማርነው እዚሁ ነው፤ ያውም በኪሳራ። በመጀመሪያው ዓመት ቡቃያዎቹ ከአፈሩ ልክ ላይ እንደ ክር ቀጥነው ተራ በተራ ተኙ። ውሃ የጠማቸው መስሎን ጨመርንላቸው፤ ባሰባቸው። ለካ ጠላታቸው ውሃው ኖሯል። ቀዝቃዛና ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ አፈር ውስጥ የሚነሣ በሽታ ነው፤ ትሪው ቆሻሻ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ከዚያ ወዲህ ትሪ ሳናጥብ አንዘራም። ማታ አናጠጣም። አፈሩን በጣት ሳንነካ ውሃ አናነሣም። ይህን ሁሉ ተምረን ቤቱ ባዶ ሲቆም ማየት ያማል።

አሁን የሚያስጨንቀን ጊዜው ነው። ቃሪያ ከተዘራ በኋላ ውጭ እስኪተከል ከ8 እስከ 10 ሳምንት ይፈልጋል። ቲማቲም ከ6 እስከ 8፣ ጥቅል ጎመን ከ4 እስከ 6። ከመትከሉ በፊት አንድ ሳምንት ያህል ችግኙን ቀን ቀን እያወጡ ከነፋሱና ከፀሐዩ ጋር ማለማመድም አለ። ከመጨረሻው ውርጭ ወደ ኋላ ስንቆጥር የቃሪያው መዝሪያ ደርሷል። ቲማቲሙ ይከተላል። ሰላጣው ብርድ ይችላል፤ እሱ ይታገሠናል። ሌሎቹ አይታገሡም።

የሚያስፈልገን ይህ ነው፦ ውፍረቱ 0.15 ሚሊሜትር የሆነ፣ የጨረር መከላከያ ያለው ላስቲክ፤ ሁለት የብረት ቅስት፤ ጠንካራ በር ከነመቀርቀሪያው፤ ለመደቡ የሚሆን ስስ ጨርቅ። የዋጋ ማቅረቢያዎቹ በግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈዋል፤ መጥታችሁ አነጻጽሩ። የግንባታ ላስቲክ እንደሚረክስ እናውቃለን። ግን ጨረር ስለማይችል ዓመት ሳይሞላው ይበጣጠሳል፤ ያኔ አራተኛ ጥሪ ልንጽፍ ነው። እሱን አንፈልግም።

መዋጮ የሚገባው በኮሚቴው የጋራ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በሰሌዳውና በቀድሞ ደረሰኞቻችሁ ላይ አለ። በማንም ግለሰብ ስም እንዳታስገቡ። ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ፊርማ ነው። ስታስገቡ ሙሉ ስማችሁንና «ለላስቲክ» የሚለውን ቃል ጻፉ፤ ባለፈው ጊዜ ስም ያልተጻፈባቸውን ገቢዎች ለማጣራት ተቸግረናል።

ከዚህ ቤት ችግኝ ያልወሰደ ጎረቤት የለም ማለት ይቻላል። መዋጮ ያልከፈለም ወስዷል። ከልክለን አናውቅም፤ ወደፊትም አንከለክልም። ግን የወሰደ እጅ ዛሬ ይዘርጋ ብንል የሚቀየመን አይመስለንም። ዘሩን የሚያበቅለው እግዚአብሔር ነው፤ ላስቲኩን መወጠር ግን የኛ ድርሻ ነው። ትንሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ። ካለፈው ገቢ አብዛኛው በትንሽ በትንሹ የመጣ ነው።

ገንዘብ ያልቻለ በጉልበቱ ይምጣ። ላስቲክ የሚወጠረው ነፋስ በሌለበትና ሞቅ ባለ ሰዓት ነው። በብርድ ከተወጠረ ሲሞቅ ይረግባል፤ የረገበ ላስቲክ እየተርገበገበ ይቀደዳል። ስለዚህ አየሩ ያመቸ ዕለት በአንዴ የምንጠራችሁ ብዙ ሰዎች እንፈልጋለን። በሁለቱም ጎን ቆሞ እኩል የሚጎትት ሰው ያስፈልጋል። ስማችሁን ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ፤ ጓንት ይዛችሁ ኑ።

ደግመን እንንገራችሁ፦ በጋራ ሒሳቡ ብቻ፣ ከሙሉ ስማችሁ ጋር፣ «ለላስቲክ» ብላችሁ። ያስገባችሁበትን ወረቀት ለገንዘብ ያዡ አሳዩና የኮሚቴውን ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ።

የጋራ ችግኝ ቤቱ ኮሚቴ