ተርሚናሉ «ትዕዛዙ አልተገኘም» ሲላችሁ

ሰላም ለሁላችሁ፣

ፕሮግራሙን እንደገና ለመጫን አትቸኩሉ፤ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ፓዝ (PATH) ላይ ነው፤ ፓዝ ማለት ተርሚናሉ ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸው የፎልደር አድራሻዎች ዝርዝር ነው። ማክ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ካታሊና ወዲህ ለአዲስ አካውንት የሚከፍተው ሼል፣ ማለትም ትዕዛዛችሁን ተቀብሎ የሚፈጽመው ፕሮግራም፣ ዚሽ (zsh) ነው፤ ዚሽ ደግሞ የቀድሞውን ሼል የባሽን (bash) የቅንብር ፋይል አያነብም። ፓዝን የሚያስተካክለውን መስመር ወደ ዚሽ የቅንብር ፋይል፣ ወደ ዚሽ አርሲ (.zshrc) አዛውሩት።

በዚህ መስመር ላይ ባለው የእኩል ምልክት (=) ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ አይኑር። አዲሱን አድራሻ ከነባሩ ፓዝ የሚለየው የእንግሊዝኛው : ነው፤ የአማርኛ ኪቦርድ የሚያወጣው ፡ አይሠራም። ከቴሌግራም ስትቀዱም የተጠማዘዘውን የጥቅስ ምልክት በቀጥተኛው ቀይሩ።

ነባሩን ፓዝ ሳትጨምሩ ከጻፋችሁ የፋይሎችን ዝርዝር የሚያሳየው ትዕዛዝ ኤልኤስ (ls) እንኳ ይጠፋል፤ ጽሑፍ የሚያወጣው ኢኮ (echo) ግን የሼሉ አካል ስለሆነ ይሠራል። ያኔ የጽሑፍ ማረሚያውን ናኖን በሙሉ አድራሻው፣ ከዩኤስአር ቢን ሥር (/usr/bin/nano) ጠርታችሁ ፋይሉን አርሙ። እባካችሁ፣ ለውጡን በአዲስ መስኮት ሳትፈትሹ የድሮውን አትዝጉ።