ካሜራውን ስትከለክሉ ሳሉን ረሳችሁት

ለአንዳማንና ኒኮባር ደሴቶች አስተዳደር
ሽሪ ቪጃያ ፑራም (የቀድሞዋ ፖርት ብሌር)፣ ህንድ

ጉዳዩ፦ በጃራዋዎች ደን ውስጥ የሚያልፈውን መንገድ ይመለከታል

እያደኑ፣ ዓሣ በቀስት እየወጉ፣ ማርና ሥራሥር እየለቀሙ የሚኖሩት የአንዳማን ነባር ሕዝብ ጃራዋዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ቆጠራ 380 ነበሩ። ደናቸውን የሚሰነጥቀው አውራ ጎዳና እንዲዘጋ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያዘዘው በ2002 ነው። ዛሬም ክፍት ነው። መኪኖች ከጅርካታንግ ኬላ ተሰልፈው በአጀብ ይገባሉ፤ መቆምም ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው። ሴቶቹ በምግብ እየተደለሉ ሲጨፍሩ የሚያሳየው ቪዲዮ በ2012 ከወጣ ወዲህ ጭቅጭቁ ሁሉ ስለ ካሜራ ሆኗል። ካሜራው ነውር ነው፤ የሚገድለው ግን ሳሉ ነው።

ኩፍኝ የያዘው ሰው ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን ቀድሞ በሳሉ ያስተላልፋል፤ ኬላ ላይ ፊት አይቶ መለየት አይቻልም። በሽታው ጨርሶ በማያውቀው ሕዝብ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሕፃን አዋቂ ሳይል ሁሉንም በአንድ ሰሞን ይጥላል። ያን ጊዜ ለአደን የሚወጣም ውኃ የሚቀዳም አይገኝም። ከሽፍታው ይልቅ የሚጨርሰው ተከትሎት የሚመጣው የሳንባ ምች ነው፤ ረሃብና ውኃ ጥም ያግዙታል። ጃራዋዎችን በ1999 እና በ2006 ኩፍኝ ጎብኝቷቸዋል። «ታላላቅ አንዳማኖች» የሚባሉት ጎረቤቶቻቸው እንግሊዞች በ1858 ሲሰፍሩ በሺዎች ይቆጠሩ ነበር። በ1877 ኩፍኝ ገባባቸው፤ «መጠለያ» ተብሎ አንድ ላይ መታጎራቸውም በሽታውን አባዛው። በ1961 የቀሩት 19 ብቻ ነበሩ።

ለሰሜን ደሴቶች ነዋሪ መንገዱ የሆስፒታልና የገበያ መንገድ እንደሆነ አይጠፋንም። ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ ወዳለችው ባራታንግ ደሴት የሚመላለሰው ጀልባ ይቅደም፣ የመንገዱ መዘጋት ይከተል። ቱሪስቱ ግን ከዛሬ ጀምሮ በባሕር ይሂድ፤ እሱን የሚያስቸኩለው ነገር የለም።

እስከዚያው በመስመሩ የሚሠሩ ሾፌሮች፣ ፖሊሶችና ጀልበኞች በ4 ሳምንት ልዩነት 2 ጊዜ ይከተቡ፤ ከሁለተኛው በኋላም 2 ሳምንት ሳይሞላቸው አይመደቡ። ለጃራዋዎቹ፣ በቋንቋቸው ተነግሯቸው ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ሣጥን ይጓዝ። ክትባቱ ዱቄት ነው፤ በማሟሟያው ከተበጠበጠ በኋላ 6 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ወደብ ላይ በጥብጦ መነሣት የተለመደ ስህተት ነው፤ ጀልባው ሲዘገይ መድኃኒቱ ያልፍበታል። ብጥበጣው ሰፈሩ ከተደረሰ በኋላ ይሁን።

ወረርሽኝ ከተነሣ ሁሉንም ወደ ከተማ ሆስፒታል አታግዙ፤ እዚያ ሌላ ጉንፋን ይጠብቃቸዋል። ውኃና የለመዱት ምግብ ሰፈራቸው ድረስ ይድረስ። ለታመሙት ቫይታሚን ኤ በተከታታይ 2 ቀን ይሰጥ፦ ዓመት ለሞላው በየቀኑ 200,000 ዩኒት፣ ከ6 እስከ 11 ወር 100,000፣ ከዚያ በታች 50,000። ትንፋሽ ያጠረው ብቻ፣ ከአንድ ዘመዱ ጋር፣ ለብቻው ወደተዘጋጀ ክፍል ይወሰድ።

መንገዱ የሚዘጋበትን ቀን በጽሑፍ አሳውቁን።

ግልባጭ፦
ለህንድ የጎሳ ጉዳዮች ሚኒስቴር