ላም፣ ዶሮ፣ ሣር

ሰላም ለሁላችሁ፣

ለቅዳሜ ውይይት አንዲት የቤት ሥራ አለች። ላም፣ ዶሮ እና ሣር። የትኞቹ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ? ብዙ ሳታስቡ መልሱን ጽፋችሁ ኑ።

እኔ መንዝ ያለችውን አክስቴን ጠየቅኳት። ገብስ እያበጠረች ነበር፤ ሰፌዱን እንኳ አላስቀመጠችም። "ላምና ሣር ነዋ! ዶሮ ምን ቤት ናት?" አለችኝ። ላምና ዶሮን "ሁለቱም እንስሳት ናቸው" ብሎ የሚያጣምር ሰው እንዳለ ስነግራት ሳቀችብኝ።

ጨዋታ ይመስላል እንጂ የባህል ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ፈተና ነው። ቶማስ ታልሄልምና ባልደረቦቹ በ2014 (በፈረንጆቹ) ባወጡት ጥናት በቻይና ተመሳሳይ ጥያቄ ጠይቀዋል። ከሩዝ አብቃይ አካባቢ የመጡ ተማሪዎች እንደ አክስቴ በዝምድና ወደ ማጣመር አዘነበሉ፤ የስንዴ አገር ልጆች ደግሞ በዓይነት ወደ መመደብ። ምክንያት ያሉት ሥራውን ነው። ሩዝ የመስኖ ውኃ መካፈል ይፈልጋል፣ ጉልበቱም ብዙ ነው፤ ያለ ጎረቤት አይሆንም። ስንዴ ግን ያን ያህል አያስቸግርም ይላሉ።

እዚህ ላይ እኔ ጥያቄ አለኝ። የእኛ ገብስና ስንዴ በደቦና በወንፈል አይደል የሚታጨደው? ነገሩ ሰብሉ ብቻ አይመስለኝም። ደግሞም ተመራማሪው ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ በ2010 እንደጠቀሱት፣ በሥነ ልቦና ጥናቶች ከተካተቱት ሰዎች 96 በመቶው የመጡት 12 በመቶ የዓለም ሕዝብ ከሚኖርባቸው አገሮች ነው። የመንዝ ገበሬን ማን ጠይቆት ያውቃል?

ቦታው ያው ነው፣ 8 ሰዓት ላይ። የደብረ ብርሃን ብርድ ሰሞኑን ቀልድ አያውቅም፤ ጋቢ ያዙ።