የልጆች ባቡር ለጅማ ሲታሰብ ከሁሉ በፊት ሀዲዱ ይታሰብ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ጅማ የባቡር መስመር ደርሷት አያውቅም። የከተማችን ልጅ ባቡርን የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው። ስለዚህ ቤተሰብ በእረፍት ቀን የሚሳፈርበት አነስተኛ ባቡር አንዱ መዝናኛ ቦታ ላይ ቢዘረጋ የሚለው ሐሳብ ሲነሳ ከልቤ እደግፈዋለሁ። የሚያሳስበኝ ጨዋታው ሁሉ ስለ ጎታቹ መሆኑ ነው፤ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ጡሩምባው፣ ከየት እንደሚገዛ። እናት ልጇን አሳፍራ በሰላም የምትመለሰው ግን በሀዲዱ ጥራት ነው። ሀዲዱን ደግሞ የጅማ በያጆች እዚሁ ሊሠሩት ይችላሉ።

ተሳፋሪው እንደ በቅሎ ላዩ ላይ ለሚቀመጥበት ባቡር በብዙ አገር የተለመደው የሀዲድ ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ርቀት፣ 184 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ስንዝር አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የድሮው ምድር ባቡር 1 ሜትር ነበር፤ ዛሬ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሽ ነውና ቀልድ ነው የሚል ካለ፣ እንግሊዝ አገር ሮምኒ፣ ሃይዝ ኤንድ ዳይምቸርች የሚባለው መስመር በ381 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1927 ሥራ ጀምሮ ወደ 22 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ሰው ያመላልሳል።

150 ሜትር ዙሪያ ያለው መስመር ለመነሻ ይበቃል። ሁለት 28 ሜትር ቀጥታና በሁለቱም ጫፍ 15 ሜትር ሬዲየስ ያለው ግማሽ ክብ ማለት ነው። ከዚያ በጠበበ መታጠፊያ ጎማው ሀዲዱን እየፋቀ ይጮኻል፣ ቶሎም ያልቃል። ቦታው 60 በ32 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ለሀዲዱ 10 በ25 ሚሊ ሜትር ፍላት ብረት በጠርዙ ቆሞ ይበየዳል፤ ባለ 6 ሜትሩ ብረት 50 ያስፈልጋል፣ ክብደቱ ወደ 590 ኪሎ ነው። ከሥር በአግድም የሚጋደመው ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) በየ25 ሴንቲ ሜትር ሲቀመጥ 600 ቁራጭ ይሆናል። ቁራጩ 39 ሴንቲ ሜትር ይሁን። 40 ብሎ የጀመረ ሰው የመቁረጫው ድንጋይ በሚበላው ምክንያት ከአንዱ ባለ 6 ሜትር ቱቦላሬ 15 ሳይሆን 14 ነው የሚያወጣው። በቱቦላሬው ፋንታ ባሕር ዛፍ ይርከሳል የሚል ይኖራል፤ እርጥብ መሬት ውስጥ ግን ምስጥና ብስባሴ አያቆዩትም። ዋንዛን መሬት ላይ አጋድሞ ማበስበስ ደግሞ ለእንጨቱም ለአናጺውም ግፍ ነው።

ብየዳው በአንድ ወገን ተጀምሮ እስከ ጫፍ ከተሄደበት ብረቱ እንደ ቀስት ይጎብጣል። መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ እያደረጉ ግራና ቀኝ ማፈራረቅ፣ ሲቀዘቅዝ መሙላት ይገባል። በሁለቱ ሀዲዶች መካከል የሚገባ 184 ሚሊ ሜትር የብረት ዘንግ ተቆርጦ በየአንድ ሜትሩ ይለካ፤ መታጠፊያው ላይ እስከ 3 ሚሊ ሜትር መስፋት ይችላል፣ መጥበብ ግን በፍጹም የለበትም። በየ6 ሜትሩ መጋጠሚያ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው። የማለዳና የቀትር ሙቀት በ30 ዲግሪ ቢለያይ ባለ 6 ሜትሩ ብረት ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ መፈናፈኛ ካጣ ወደ ጎን ይጎብጣል።

ባቡር ከመስመር ሲወጣ ሰው መጀመሪያ ፍጥነቱን ነው የሚጠረጥረው። በዚህ መጠን ላይ ግን ዋናው ጥፋተኛ የሀዲዱ መዛባት ነው፤ የጅማን በርጩማ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም። በርጩማው ሦስት እግር ስላለው ጎርበጥባጣ መሬት ላይ ቢቀመጥም ሦስቱም እግሮቹ መሬት እንደነኩ ናቸው። አራት እግር ያለው ወንበር ግን ወለሉ በትንሹ ከተዛባ አንዱ እግሩ ይንጠለጠላል። የፉርጎው ጎማም አራት አራት ነው። ሀዲዱ አንድ ቦታ ላይ በግራ፣ ሁለት ክንድ አለፍ ብሎ በቀኝ ዝቅ ካለ አንዱ ጎማ ይንሳፈፋል። ጎማውን የሚይዘው ከውስጥ በኩል ያለው ከንፈር ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና ከንፈሩ ሀዲዱ ላይ ወጥቶ ይሻገራል። ልጆቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድሉ ደግሞ ይብሳል። መድኃኒቱ አራቱን ጎማ እንደ በርጩማ ማድረግ ነው፦ አንዱ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኘው ዘንግ) በሁለት ጫፉ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር፣ ሌላው መሐሉ ላይ ባለ አንድ ብሎን ላይ ግራና ቀኝ እንዲያጋድል ይተው። ያኔ ፉርጎው በሦስት ነጥብ ይቆማል፣ አራቱም ጎማ ሀዲዱን ይረግጣል። ከዚህ ጋር ውሃ ልክ በሁለቱ ሀዲዶች ላይ በአግድም እያስቀመጡ መሄድ ነው፤ ቀጥታው ላይ በአንድ ሜትር ውስጥ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለወጠ ጠጠር ይጎዝጎዝበት።

ዝናቡን ደግሞ በቁጥር ማየት ይሻላል። 150 ኪሎ የሚመዝን ባለ ባትሪ ጎታች፣ ሁለት ፉርጎና 12 ሰው ተደምሮ 1,000 ኪሎ ይሁን። ኩሽኔታው ደኅና ከሆነ ሜዳ ላይ 10 ኪሎ ያህል ጉልበት ይጎትተዋል። በ50 ሜትር 1 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ 30 ይፈልጋል። የጎታቹ ጎማ ደረቅ ሀዲድ ላይ የሚይዘው ከክብደቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ስለሆነ፣ ለጥቂት ይወጣዋል። ካፊያ መጥቶ ቅጠል ሀዲዱ ላይ ሲጨፈለቅ መያዣው በግማሽ ይወርድና ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ይህ ያናድዳል እንጂ አይጎዳም። የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ያው ባቡር ፍሬኑ ጎታቹ ላይ ብቻ ከሆነ፣ እርጥብ ሜዳ ላይ 10 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል፤ በዚያ ቁልቁለት ግን 50 ሜትር ይንሸራተታል። ፍሬን ለሁሉም ፉርጎ ይሠራ የምለው ለዚህ ነው። ዳገቱም በ100 ሜትር ከ1 ሜትር አይብለጥ። ወደ ጅሬን የሚወጣው መሬት እይታው ያማረ ቢሆንም ለዚህ አይሆንም፤ ረግረጉም ሀዲድ ይውጣል። ከሥር 60 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር፣ ማለትም 9 ሜትር ኩብ፣ በጎኑም የውሃ መውረጃ ቦይ ያስፈልጋል።

በዕለቱ ቤተሰቡ ሲመጣ የሚታየው ነገር ብዙ አይደለም። ትልቅ ሰው ከኋላ፣ ሕፃን ከፊቱ በጉልበቶቹ መሐል። ልጅ አዝሎ መሳፈር አይፈቀድ፤ ክብደቱ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ያርፋል፣ እናቲቱም ሁለት እጅዋ ነፃ አይሆንም። ነጠላ፣ ሻርፕና ረጅም ቀሚስ ተሰብስቦ ከሥር ይቀመጥ፤ የሞተሩ ካቴና በላሜራ ተሸፍኖ ካልሆነ ግን ባቡሩ ጭራሽ አይነሳ። እግር መርገጫው ላይ እንጂ መሬት ላይ አይንጠልጠል፣ ሸበጥ ያደረገ ልጅ ጫማውን አውልቆ ይያዝ። ሲቆም ነጂው «ውረዱ» ሳይል ማንም አይነሳ።

ዝናብ ለሚያግደው ሰዓት በቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሞዴል ቢጨመር መልካም ነው። በ1 ለ87 መጠን የድሮው የጅቡቲ መስመር 12 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ይሆናል፤ ሙሉ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበርና ተመጥኖም 9 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ድሬዳዋ ጣቢያን ብቻ መርጦ መሥራት ይበቃል። ጠረጴዛው ከ75 ሴንቲ ሜትር በላይ አይስፋ፣ አለበለዚያ መሐል ላይ የቆመውን ባቡር እጅ አይደርስበትም።

ሥራው የሚጀመር ከሆነ ሀዲዱ በታኅሣሥ ይዘርጋ። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጠጠሩን ካስቀመጡት በኋላ ዙሪያው በሙሉ እንደገና በውሃ ልክ ይታይ፣ በተሳፋሪዎቹ ክብደት ልክ አሸዋ በጆንያ ተጭኖበት 50 ዙር ይሂድ፤ ልጆች ከዚያ በኋላ ይሳፈሩ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የብረታ ብረት ባለሙያ፣ ከጅማ