አኩሪ አተር በሽሮ ድስት፦ የሥነ ምግብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የሥነ ምግብ ክበባችን ዘንድሮ የሠራው በአንድ እህል ላይ ብቻ ነው፤ እርሱም አኩሪ አተር ነው። አባላቱ በዓመቱ መጀመሪያ ስለ ልዩ ልዩ ምግቦች ጽሑፍ አዘጋጅተው ለመለጠፍ አስበው ነበር። ሆኖም በቅዳሜ ገበያ ያነጋገሯቸው ጥራጥሬ ሻጮች አኩሪ አተርን ከዘይትና ከዶሮ መኖ ጋር እንጂ ከወጥ ጋር እንደማያገናኙት ሲሰሙ ዕቅዳቸውን ለወጡ። እህሉ ሩቅ አገር የሚበቅል አይደለም፤ በፓዌና በጃዊ ይመረታል፤ የፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከልም በዝርያ ማሻሻል ሥራው ይታወቃል።

ከ100 ግራም ደረቅ አኩሪ አተር 36 ግራም ያህሉ ፕሮቲን፣ 20 ግራም ያህሉ ደግሞ ቅባት ሲሆን፣ አተር ግን ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ይዞ ቅባቱ እጅግ አነስተኛ ነው። በተጨማሪም ጤፍ የሚያንሰው ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በአኩሪ አተር ውስጥ በብዛት ስለሚገኝ፣ ሁለቱ በአንድ ገበታ ሲቀርቡ ይደጋገፋሉ። ሥጋና ወተት በማይበላበት የጾም ወቅት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን ማስተማር አላስቸገረንም፤ ያስቸገረን ጠረኑ ነው። ጥሬውን ዘፍዝፈን፣ ወቅጠን የሠራነውን የመጀመሪያ ወጥ፣ እኔን ጨምሮ፣ ከሁለት ጉርሻ በላይ የደፈረ አልነበረም። ምክንያቱን ስናጠና፣ ጥሬው ፍሬ እርጥብ ሆኖ ሲሰበር ሊፖክሲጅኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ቅባቱን እየለወጠ ያን ጠረን እንደሚያመጣ ተረዳን። ስለዚህ ፍሬውን ሳንዘፈዝፍ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ጨምረን ግማሽ ሰዓት ያህል ቀቀልነው፤ ውኃውን ደፍተን፣ ገለባውን በእጅ አሽተን አወጣንና በፀሐይ አድርቀን ለዘብ ባለ እሳት አመስነው። መቀቀሉ ጠረኑን ከመቀነሱም በላይ፣ በሆድ ውስጥ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያውከውን የጥሬ ፍሬ ንጥረ ነገር በእጅጉ ያዳክማል።

ቀጥሎ ያጋጠመን የወፍጮ ቤቱ ነገር ነው። አኩሪ አተር ለብቻው ሲፈጭ ቅባቱ ድንጋዩን ስለሚያጣብቅ ባለወፍጮው አልቀበልም አሉን፤ ከተከካ አተር ጋር ቀላቅለን ስንመለስ ግን ያለ ችግር ፈጩልን።

በወላጆች ቀን ሦስት ድስት ሽሮ ያለ ስም፣ በፊደል ብቻ ለይተን አቀረብን፦ አንዱ አተር ብቻ፣ ሁለተኛው አንድ አምስተኛው አኩሪ አተር የሆነ፣ ሦስተኛው እኩል በእኩል። ቀማሾቹ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለመለየት ተቸገሩ። ሦስተኛው ግን ቢንተከተክም አልወፍር ብሎ ቀጠነ፤ አኩሪ አተር ስታርች የለውም ለማለት የሚያስደፍር በመሆኑ ውኃውን የሚይዝ ነገር አላገኘም። ተማሪዎቹ በዚህ ተከፍተው ነበር፤ እኔ ግን ከዓመቱ ትምህርት ሁሉ የወደድሁት ይህንኑ ድስት ነው።

አንዲት እናት «መምህር፣ የልጆቹን ሆድ አይነፋም ወይ?» ብለው ጠየቁን። ሊነፋ እንደሚችል፣ የተቀቀለበትን ውኃ መድፋት ግን ነፊ የሆኑትን ስኳሮች በከፊል እንደሚቀንስ አንዲት የ10ኛ ክፍል አባል በሚገባ አስረዳቻቸው።

የአኩሪ አተር ወተት ሙከራችን ማቀዝቀዣ ባለመኖሩ በማግሥቱ ተበላሽቶ ተቋርጧል። የተረፈው የታመሰ ክክ በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ተቀምጧል፤ የአሠራሩ መዝገብም ለቀጣዩ ዓመት አባላት ተላልፏል።