«ጥርስ ነቃይ» ላላችሁት ዶክተር

ክቡር አዘጋጅ፦

ባለፈው እሑድ ስለ ዘፋኙ ዶክተር አልባን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። በናፍቆት ነበር የጀመርኩት። ልጆች ሳለን «ኖ ኮክ» የሚለውን ዘፈኑን በካሴት እየሰማን፣ ኮካ አትጠጡ የሚል መስሎን ስንከራከር ትዝ አለኝ። ነገሩ ኮኬይን መሆኑን ያወቅነው ኋላ ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ሻዩ ትን አለኝ። «ዶክተር ይባል እንጂ የእውነት ሐኪም አይደለም፤ ጥርስ ነቃይ ነው» ትላላችሁ።

ስሙ አልባን ስለሆነ ዲግሪ አልባ መሰላችሁ እንዴ?

እስቲ ረጋ ብለን እንየው። አልባን ንዋፓ የናይጄሪያ፣ የኦጉታ ልጅ ነው። በ23 ዓመቱ ስዊድን የሄደው ሊዘፍን አይደለም፤ የጥርስ ሕክምና ሊማር ነው። ለትምህርቱ ገንዘብ ቢያስፈልገው ስቶክሆልም ውስጥ አልፋቤት ስትሪት በሚባል ክለብ ዲጄ ሆነ። ሸክላ እያጫወተ በላዩ ሲያዜምበት ሰው ወደደው። ተመርቆ የራሱን የጥርስ ክሊኒክ ከከፈተም በኋላ ዲጄነቱን አልተወም። ከሙዚቃ ፕሮዲዩሰሩ ከዴኒዝ ፖፕ ጋር ተገናኝቶ «ሄሎ አፍሪካ» የተባለውን አልበሙን ያወጣው በ1990 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። በ1992 ደግሞ «ኢትስ ማይ ላይፍ» የተባለው ዘፈኑ ስዊድንና ጀርመን ላይ አንደኛ ወጣ። ልብ በሉ፣ ክሊኒኩ ከአልበሙ ይቀድማል። እናንተ ለዘፈኑ አምስት አንቀጽ ሰጥታችሁ ጥርሱን በአንዲት ስድብ ዘለላችሁት።

ምን አንገበገበህ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ጥርስ ነቃይ ነኛ! 15 ዓመቴ። ባለፈው ሳምንት ጓንቴን አጥልቄ፣ መብራቱን አስተካክዬ፣ ማደንዘዣውን ይዤ ጠጋ ስል አንዲት እናት «ልጄ፣ ዋናው ዶክተር መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ። የባለቤቴ አጎትማ ሠርግ ላይ ሲያስተዋውቁኝ «ዶክተር ነው» ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የጥርስ» ይጨምሩበታል። እንደ ነውር። እኚሁ ሰውዬ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጉንጫቸው አብጦ ሲደውሉ ግን «ዶክተርዬ፣ ድረስልኝ!» ነው። ያኔ «የጥርስ» የምትለዋ ቃል የት እንደምትገባ እንጃ።

ደግሞስ መንቀል የሥራችን መጨረሻው እንጂ መጀመሪያው መቼ ሆነ? የተበላውን ጠርገን ሞልተን፣ የሥሩን ነርቭ አጽድተን፣ አልድን ሲል ነው ጉጠት የምናነሳው። ከምንነቅለው የምናተርፈው ይበልጣል። ይሄን ለመጠየቅ አንድ ስልክ ይበቃ ነበር።

እርማት አውጡ። ከስፖርቱ ገጽ ግርጌም ብትሆን ግድ የለኝም። ዘጋቢያችሁን ጥርሱን ካመመው ወደኔ ላኩት፤ ወረፋ አላስጠብቀውም። ማደንዘዣውን ግን «የእውነት ሐኪም» ይዘዝለት።

የጥርስ ሐኪሙ
ከደብረ ብርሃን